የእናቴ የእግር ስለት

ወረታ ያደገ ሰው ታኅሣሥ መግባቱን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። ከየአውድማው የሚመጣው የሩዝ ጭድ ሽታ ይነግረዋል። እሱ ባይነግረው ደግሞ መንገደኛው ይነግረዋል። ከባሕር ዳርና ከጎንደር በኩል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ በትር ይዘው በእግራቸው የሚመጡት የላሊበላ ተሳላሚዎች ከተማችንን ሳይረግጡ አያልፉም። ከባሕር ዳር ጎንደር ከሚወስደው አስፋልት ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ የሚጀምረው እኛ ዘንድ ነው። በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ስለሠሩት እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እንለዋለን። የተሠራው ለመኪና ነው፤ ገና ሲቃረብ ግን ዳርና ዳሩን የሚይዘው እግረኛ ነው።

ቤታችን ከመታጠፊያው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በልጅነቴ በታኅሣሥ ወር በጊዜ የተኛንበት ምሽት ጥቂት ነበር። በሩ ይንኳኳና «የመሸብን እንግዶች ነን» የሚል ድምፅ ይሰማል። እናቴ ማን ናችሁ፣ ስንት ናችሁ አትልም። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ትላለች። ከዚያ ሁላችንም ሥራችንን እናውቃለን። እኔ ውኃ አሞቃለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ጆጉን ይይዛል፣ እናቴ ሰማያዊውን ሳፋ አምጥታ በእንግዳው እግር ሥር ትንበረከካለች። ለብ ያለው ውኃ ላይ ጨው ጣል ታደርግበታለች። ታጥቦ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ደግሞ የኑግ ዘይት አላት።

እውነቱን ልናገርና ያን ሥራ አልወደውም ነበር። ቀናት የተጓዘ እግር ይሸታል። አንድ ቀን አፍንጫዬን ስይዝ አየችኝ። እንግዶቹ ፊት ምንም አላለችም፤ ማጀት ስንገባ ግን ጆሮዬን ቆንጥጣ «ይኼ እግር የት እንደሚረግጥ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ወሩ የነቢያት ጾም ስለሆነ የምናቀርበው የጓያ ሽሮ በሩዝ እንጀራ ነው። የሩዝ እንጀራ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ስለሚል በትኩሱ ካልተበላ ከጥርስ ጋር ይጣላል፤ እንግዶቹ ግን አንድም ቀን አጉረምርመው አላየሁም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲነሡ እናቴ ቆሎ በስንቃቸው ላይ ትጨምርና በሩ ላይ የክርስትና ስማችንን ትነግራቸዋለች፣ ደጁ ሲደርሱ እንዲያነሡን። ሁልጊዜም ቀድሞ የሚጠራው የወንድሜ ስም ነበር። ለምን እሱ እንደሚቀድም ለብዙ ጊዜ ያስቀናኝ ነበር።

ምክንያቱ ወባ ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት፣ ጣናም ዳሩን ሲለቅ፣ ለሳምንታት ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሩዙን የሚያበቅለው ያ ውኃ ነው። ትንኙንም የሚያራባው እሱው ነው። በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የ4 ዓመቱ ወንድሜ በትኩሳት ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ተኝቶ ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴ ከአልጋው ሥር ተደፍታ ተሳለች። «ቅዱስ ላሊበላ፣ ልጄን ካተረፍክልኝ በእግሬ መጥቼ ደጅህን እሳለማለሁ።» በእግሬ ያለችው ነገር በኋላ ብዙ አነጋግሮናል። ልጁ ዳነ። እናቴም በሚቀጥለው ገና ልትሄድ ቆረጠች።

በሚቀጥለው ገና ግን አባታችን ዐርፎ ነበር። መሬቱም ልጆቹም በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሩዙ ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ተሞክሮ ነው በሜዳው የተስፋፋው፤ ብዙ ገበሬ የሚዘራውን ዓይነት ዛሬም ኤክስ ጅግና የምንለው ከዚያ ወስደን ነው። ቀድሞ ከብት ብቻ ይሰማራበት የነበረውን ረግረግ ገንዘብ አደረገው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሩዝ ነው። ነገር ግን ሩዝ የሚታጨደውና የሚወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አጨዳው እንዳለቀም እርጥበቱ ሳይሸሽ ጓያ ይዘራል። ተሳላሚው በደጃችን በሚያልፍበት ሳምንት እናቴ አውድማ ላይ ናት። ከርሞ ከርሞ ሲባል 17 ዓመት ሆነ።

አንድ ጊዜ፣ ንግድ ሥራ ማጥናት ከጀመርኩ በኋላ፣ ላጽናናት ብዬ «ይኼን ሁሉ ሰው ስታጥቢና ስታበዪ ስለቱ አልተከፈለም?» አልኳት። ሳቀች። «ይኼማ ወለዱ ነው» አለችኝ፣ «ዋናው አለ።»

ባሕር ዳር ስማር ከመምህሮቻችን አንዱ ሕንዳዊ ነበር። በእረፍት ሰዓት ስለ አገሩ ያጫውተን ነበር። ማሃራሽትራ በሚባለው ግዛት ገበሬው ዘሩን ዘርቶ እንዳበቃ፣ በእኛ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ፓንዳርፑር ወደሚባል ከተማ በእግሩ ይጓዛል። ጉዞው ዋሪ ይባላል። ቪቶባ የሚሉትን አምላክ ለመሳለም ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሙ የሚጠራ ዳኒያኔሽዋር የሚባል ቅዱሳቸው አለ፤ የእሱን ጫማ ምሳሌ በበሬ በሚሳብ ያጌጠ ሠረገላ ላይ አድርገው፣ ከበሮና ጸናጽል እየመቱ፣ ሴቶቹ የተቀደሰ የሚሉትን ቅጠል ከነተክሉ በራሳቸው ተሸክመው ሦስት ሳምንት ያህል ይሄዳሉ። መንገድ ላይ አንዱ የሌላውን እግር ይነካል፣ ወንዱንም ሴቱንም «እናቴ» ብሎ ይጠራል። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ሲለን ደነገጥኩ። ከወረታ ላሊበላ ማለት ነው! ለእረፍት ቤት ስሄድ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሃይማኖታቸው ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያመልኩ አልጠየቀችኝም። ሽንኩርቷን እየላጠች «እግራቸውን ማን ያጥብላቸዋል?» አለችኝ። የየመንደሩ ሰው ያበላቸዋል፣ እግራቸውንም ያሻል ብሎናል አልኳት። «እንግዲያማ ደህና ሰዎች ናቸው» አለች።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትንሽ ገንዘብ ስለተረፈኝ እናቴን ላሊበላ ላደርሳት ወሰንኩ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ነገር ሁሉ በሠንጠረዥ ካልተቀመጠ አይሆንልኝም። መኪናውን፣ የሚታደርበትን፣ የሚበላውን በኤክሴል አሰናድቼ፣ ባማረ ሁኔታ አስልቼ ወረታ ወረድኩ። እናቴ በዚያን ጊዜ ጉልበቷ ታሞ ነበር። ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምታስቀድሰው ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ደስታዋን ነበር የጠበቅኩት።

«በመኪና?» አለችኝ።

«እንዴ እማ፣ በዚህ ጉልበትሽ በእግርሽ ልትሄጂ ነው?»

«ስለቴ በእግሬ ነው።»

ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ ዛሬም የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ፤ «እግዚአብሔር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም» አልኳት። «እኔ ግን ቆጥሬ ነው የተሳልኩት» ብላኝ ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ምን ያህል እንደፈራች የገባኝ በኋላ ነው። በመኪና ሄዳ ስለቱ ሳይቆጠር ቢቀር ያ ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቃለች። የተሳለችው በልጇ ነፍስ ነው።

ነገሩን የፈቱት የነፍስ አባታችን ናቸው። ሁለታችንንም አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «የተሳልሽው በዚያን ጊዜ በነበረሽ እግር ነው» አሉ። «እሱ እግር አሁን የለም። ያለሽ ይኼ ነው፤ ይኼ የሚችለውን ያህል ትሄጃለሽ። እስከ ሹምሸሃ በመኪና፣ ከዚያ በእግርሽ። ለጎደለው 41 አቡነ ዘበሰማያት ትደግሚያለሽ።» እኔ በልቤ ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም አብረሻት ትሄጃለሽ። በእግርሽ።» በሠንጠረዡ ላይ እኔ ሆቴል ሆኜ ነበር የምጠብቃት።

የሩዙን ነገር የጨረሰው ወንድሜ ነው። 21 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። «እኔ አስወቃለሁ፣ እሷ ትሂድ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ጎረቤቱ መምጣት ጀመረ። 17 ዓመት ስማችንን በሰው አፍ ስትልክ የኖረች ሴት አሁን በተራዋ የሰው ስም ተቀባይ ሆነች። መጻፍ ስለማትችል ወንድሜ ደብተር ይዞ ማታ ማታ ይመዘግብ ነበር። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሳይቀሩ «ለመንገድሽ ነው» ብለው 50 ብር ሰጧት፤ እናቴም የእሳቸውን ስም በራሷ ፈቃድ አስጻፈች።

ታኅሣሥ 26 በጠዋት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን። የዓለም ሳጋን ደን አልፈን፣ ደብረ ታቦር ቁርስ ነገር ቀማምሰን፣ ጉናን በቀኝ ትተን ስንሄድ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ተሳላሚው ከወረታ ካለፈ ቀናት ሆኖታል። ነፋስ መውጫን ካለፍን በኋላ ግን ደረስንባቸው። ነጭ በነጭ ሆነው፣ አንዳንዱ ልጅ አዝሎ፣ አንዳንዱ ዓይነ ስውር አባት እየመራ በመንገዱ ዳር ይጓዛሉ። እናቴ አንድ ጊዜ አየቻቸውና የመስኮቱን መጋረጃ ሳበችው። «ፀሐዩ ነው?» ስላት «አፈርኩ» አለች። ከእነዚያ መካከል አንዳንዱን ሳትሸኝ አልቀረችም። ትንሽ ቆይታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና የያዝነውን ቆሎ በመስኮት ለመስጠት ሾፌሩን አቁምልኝ አለችው። ሦስት ጊዜ አስቆመችው። አራተኛው ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ «እማማ፣ በዚህ አያያዝ ለጥምቀት ነው የምንደርሰው» ቢላት አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ።

ጋሸና አደርን። ብርዱን አልተርክም፤ ያደረበት ያውቀዋል። በማግስቱ ረፋዱ ላይ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከሹምሸሃ ወርደን መራመድ ጀመርን። ከዚያ እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ዳገት ነው። ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እናቴ ግን መቶ እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች፣ ጉልበቷን ታሻለች፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፣ ትነሣለች። የሚገርመው ቀድሞ የተሸነፈው የእኔ እግር ነው። ከመርካቶ ለዚሁ ብዬ የገዛሁት ስኒከር ተረከዜን ላጠው። እሷ በላስቲክ ጫማዋ ናት። ሲመሽ እኩሌታውን እንኳ አልጨረስንም ነበር።

ጭስ ወዳየንበት አንድ የሣር ቤት አቀናን። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ ልናገር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «የመሸብን እንግዶች ነን» አለች። ያን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። ከውስጥ አንዲት ሴት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አለች። እናቴ ግን ወዲያው አልገባችም፤ መቃኑን ይዛ ለአፍታ ቆመች።

ላሊበላ የደረስነው በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ ነው። ገና በመላ አገሪቱ ቢከበርም ላሊበላ ላይ ድርብ በዓል ነው፤ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም አብሮ ይከበራል። ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍለው የወጡትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ዓለም በቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የአገሩ ሰው ግን መዝገቡን ሳይጠብቅ ስንት መቶ ዓመት ሲመላለስባቸው ኖሯል። ከተማው መግቢያ ላይ የላሊበላ ወጣቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ሳፋ ደርድረው የተሳላሚውን እግር ያጥባሉ። አንዲት 16 ዓመት ቢሆናት ነው፣ ልጅ እግር ወደ እናቴ መጥታ ተንበረከከች። እናቴ እግሯን ሰበሰበች።

«ተዪኝ ልጄ፣ እኔ አጣቢ ነኝ» አለቻት።

ልጅቷ ምን እንደተባለች አልገባትም። «እማማ፣ ዛሬማ ተራው የእርስዎ ነው» ብላ ጫማዋን ራሷ አወለቀችላት።

እናቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔም በዚያች ሰዓት ነው እግሯን አስተውዬ ያየሁት። ከሩዙ ቃርሚያ የተረፈ ጠባሳ አለ፣ ረግረግ የበላው ጥፍር አለ፣ ተረከዟ እንደ መስከረም ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው የቀባችውን የኑግ ዘይት ለራሷ ቀብታ አይቻት አላውቅም። ቀጥሎ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። ካልሲዬን ሳወልቅ ሽታው ለራሴ ደረሰኝ። ልጅቷ አፍንጫዋን አልያዘችም።

የሌሊቱን ነገር በዝርዝር አልችለውም። በመቶ ሺዎች ይቆጠራል የሚባል ሕዝብ በዚያች ትንሽ ከተማ ላይ ሲተኛ፣ ሲዘምር፣ ሲጸልይ፣ ጧፍ ሲያበራ ማደር በቃል አይገባም። ቤተ ማርያም ግቢ ልጅ የሚለምኑ ሴቶች ወደ ጠበሉ ሲቀርቡ አየን። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡበትም፤ ከጎጃም የመጣ አንድ ወጣት የእኛንም ስም ይዞ ገባልን። የዝናብ መከላከያ ተብሎ ከቤተ ማርያም በላይ የተሠራውን ግዙፍ ጣሪያ እናቴ ቀና ብላ ዐየችውና «ንጉሡ ያለ ጣሪያ አልሠራውም እኮ» ብላ አለፈችው። እንደ እሷ ያዘነበት ብዙ ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ጠዋት ከቅዳሴው በኋላ ቤዛ ኩሉ ተጀመረ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዐለቱ አፋፍ ላይ በሰልፍ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይሆናሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እየተቀባበሉ ሲዘምሩና በአንድነት ወደፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዙ ዐለቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። እኛ ከሩቅ ተዳፋት ላይ ነን፤ መጠጋት አልተቻለም። እናቴ ደብተሩን ከደረቷ አወጣችና «አሁን አንብቢልኝ» አለች።

እኔ ሳነብ እሷ እየደገመች ትጠራለች። ወለተ ማርያም፣ ለልጇ የስደት መንገድ። ገብረ ሥላሴ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና። አንዲት ጎረቤታችን የታመመች ላሟን አስጽፋለች። የፎገራ ላም ናትና አይፈረድባትም። የእኔን ስም ሳገኝ አጠገቡ «ትዳር» ይላል፤ ዝም ብዬ ላልፈው ስል «ያንንም በደንብ አንብቢው» አለችኝ። ለካ ቆጥራ ይዛዋለች። ሙስሊሟን ጎረቤታችንን ያለ ክርስትና ስም፣ በራሳቸው ስም ጠራቻቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የወንድሜ ስም አለ። ስለቱ የእሱ ስለነበረ ለእሱ ምን እንዳስጻፈች ለማየት ጓጉቼ ነበር። በእጅ ጽሑፉ «ለእማ ጉልበት» ይላል፣ ሌላ የለውም።

አነበብኩላት። አልደገመችውም። ነጠላዋን አስተካከለችና «ስለ ራሱ ምንም አላለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በእነዚህ ዓመታት የቻይናው መንገድ በሰላም የሚኬድበት ቀን የተቆጠረ ነው። በታኅሣሥ በራችንን የሚያንኳኳው ሰውም አነሰ። የእናቴ ጉልበት አልዳነም፤ አሁን ሳፋውን የሚይዘው ወንድሜ ነው፣ እሷ ተቀምጣ ታዛለች። እኔ ስለቷ ከተከፈለ በኋላ እንግዳ መቀበሉን ቀለል ታደርገዋለች ብዬ ነበር፤ ዋናው ካለቀ ወለዱ ይቆማላ።

ባለፈው ታኅሣሥ ስደውልላት «ስንት ሰው አደረ?» አልኳት።

«ሁለት» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና «ሳፋው ተሰንጥቋል» አለች። «ስትመጪ ከዚያ ይዘሽልኝ ነይ። ሰፋ ያለውን።»